ደቂቃ ሻጩ

ሊማ ላይ ሰማዩ፣ ክረምት የገባ ዕለት፣
አይዘንብ፣ አይጠራ፤ ያካፋል ለውሸት።
በዚያች መገናኛ፣ ከመብራቱ ሥር ቆሜ፣
የድርጭት እንቁላል በቅርጫት ተሸክሜ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሸጥ እዚያው ቦታ፣
ያየሁትን ባወራ አያልቅም እስከ ማታ፤
አንዱን ብቻ ልንገር፣ የፋውስቲኖን ነገር፣
ደቂቃ ቸርቻሪ፣ በአስፋልቱ ድንበር።

አትሳቁ፤ እውነት ነው። ደቂቃ ይሸጣል።
ደብተር አለው፤ እርሳሱን ጆሮው ሥር ይሰካል።
ሚኒባስ ሲያልፍ ሰዓቱን ይጽፋል፣
ተከታዩ ሲመጣ በመስኮት ይጮኻል፦
«ስድስት ቁጥር፣ ሦስት! ዘጠኝ ቁጥር፣ አንድ!»
ይህም ማለት፦ «የፊተኛው በልቶብሃል መንገድ፤
የቆመልህን ሰው አንሥቶታል፤ ንደድ!»

ሳንቲም ይወረወራል፤ እሱ ጎንበስ ይላል፤
ሹፌሩ መሪውን እንደ ጠላት አንገት አንቆ ይበራል።
ከዚያማ
መስመሩ ቀለም ነው፣ ሠዓሊ የተወው፤
ቀዩ መብራት ምክር፣ ሽማግሌ የመከረው፤
ዜብራው የሞተ አውሬ፣ ቆዳው የተሰጣው።
ጡሩንባው ይጮኻል፤ ለምን እንደሚጮኽ እሱም አያውቅ፤
አረንጓዴው ገና ሊበራ ሲያስብ፣ ከኋላ፦ «ተነቃነቅ!»
ረዳቱ በበሩ ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣
«ውረዱ፣ በቀኝ እግር!» ይላል፣ መኪናው ሳይቆም ከቶ።
አሮጊቷ በቀኟ ትወርዳለች፤ ግራዋ ይቀራል አየር ላይ፤
«ኧረ በእመቤቴ!» እላለሁ፣ ቅርጫቴን አቅፌ ሳይ።

አንድ ቀን ጠየቅሁት፦ «አያስፈራህም ወይ፣ ይኼ ያንተ ሥራ?»
«እኔ ሰዓት ነኝ» አለኝ፤ «ሰዓት ለምን ይፍራ?»
ዝም አልሁ፤ እውነቱን ነው መሰለኝ፤
የእንቁላል ቅርፊት በጣቴ አደቀቅሁኝ።

በነሐሴ፣ አንድ ሰኞ፣ ልጁ ኔሊዳ መጣች፣
ነጭ ካልሲዋን ስባ፣ ስድስት ቁጥር ውስጥ ገባች።
ቦታ የለም፤ በሩ ላይ፣ በአንድ እጇ ተንጠልጥላ፣
በሌላው «ቻው» አለችው፣ ከረዳቱ ብብት ሥር ብቅ ብላ።
እሱም ጻፈ፦ አንድ ከዐሥር። እርሳሱ ግን ቆመ፤
ያ የሰዓት ፊቱ ዳመነ፣ ጨለመ።

ደቂቃም አልሞላ፤ ዊልበር መጣ፣ ዘጠኝ ቁጥርን እያስጓራ፣
አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፦ «ስንት ነው? ቶሎ አውራ!»
«ስምንት!» አለ ፋውስቲኖ። «ስምንት ደቂቃ። አትደርስበትም።»
በዐሥራ አንድ ዓመት፣ ከአፉ እንዲህ ያለ ቁጥር ሰምቼ አላውቅም።
ዊልበር ተሳደበ፤ ወዲያው ግን ትከሻው ረገበ፣
እግሩን ከነዳጁ አነሣ፤ መኪናው እንደ ጠገበ በሬ ተሳበ።
የኋላው መጣ፤ «ዐሥር!» አለው። ሌላው፤ «ዐሥራ ሁለት!»
ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ጎዳናው ሰው ሆነ፣ ይሉኝታ ያለበት።
አንዱ ሽማግሌ፣ መኪና ቢቆምለት፣ አላመነምና
ጥግ ይዞ ቀረ፤ ውሻ ብቻ አለፈ፣ በዝግታ፣ በጤና።

ማታ ሹፌሮቹ መኪና ማጠቢያው ጋ ሲገናኙ፣
ሰዓት አስተያዩ፤ ውሸቱን አገኙ።
በማግሥቱ ሳንቲም ቀረ፤ ስድብ ነው የተወረወረው፤
በሳምንቱ ሌላ ጎረምሳ፣ ሌላ ደብተር ይዞ፣ ከወዲያ ማዶ ሲጮኽ ሰማነው።
እውነቱን ነው የሚሸጥ። «አንድ!» ይላል፤ ይበራሉ።
«ሁለት!» ይላል፤ የሞተው አውሬ ላይ ያገሳሉ።

ፋውስቲኖ? እዚሁ ነው፤ ከጎኔ እንቁላል ይልጣል፣
ጨው በቁራጭ ጋዜጣ ይጠቀልላል።
ስድስት ቁጥር ሲያልፍ ግን፣ እጁ ወደ ጆሮው ይሄዳል፤
እርሳስ የለም እዚያ። አከክ አድርጎ ይመልሰዋል።

ትናንት አንድ ደንበኛ ቆሞ፣ «ስንት ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣
ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «ስምንት» አለኝ፤ ስምንት ቆጥሬ ሰጠሁ፤
ሰውየው ግን ሁለት ነበር የፈለገው።