ሲመለስ ጠብቀው

ቬንደል ነው ስሜ፤ ሥጋ ቆራጭ ነኝ በሙያ፣
ግማሽ በሬ በትከሻዬ ከጋሪ እስከ መስቀያ
ሳላርፍ የማደርስ። ለዚህ ነው የጠሩኝ፣
የደዋዩ አምብሩሽ ክንድ ሲሰበር፣ «አንተ ደውል» ያሉኝ።

የቲሳ ወንዝ ሞልቶ ነበር፤ እሑድ ማለዳ ነው፤
ከማማው ሥር ቆሜ ሽቅብ አየሁት፣ ናቅሁት ልበለው፦
አሥራ አምስት ኩንታል ነሐስ ከጨለማ ተንጠልጥሏል፣
ገመዱም በሦስት ፎቅ ቀዳዳ እንደ ላም ጅራት ወርዷል።

ጎተትሁ። መዳፌ ተላጠ፤ ሸሚዜ ራሰ፤
ደወሉ ለወጉ ያህል ትንሽ ተላወሰ።
ሲሄድም ስቤ፣ ሲመጣም ስቤ፣ እየተራገምሁ፣
በቀኝ የሰጠሁትን ጉልበት በግራ እየነጠቅሁ።
ደጅ የቆመው ምእመን ሰዓቱን ያያል፤
አንዱ፣ «ቬንደል ደወሉን አርዶት ይሆናል» ይላል።

ቦርባላ መጣች። የአምብሩሽ የልጅ ልጅ፣ አሥራ አንድ ዓመቷ፣
በሥጋ ሚዛኔ ሠላሳ ኪሎ የማይሞላ ክብደቷ።
«አጎት ቬንደል፣ ልቀቀው፤ ሲታገሉት አይወድም፤
ሲመለስ ጠብቀው እንጂ፣ አትቅደመው በፍጹም።»

ሳበች። ምንም። ጠበቀች።
ሳበች። ምንም። ጠበቀች።
ዐይኗን ጨፍና በከንፈሯ አንድ ነገር ትቆጥራለች።
በስምንተኛው፣ ከላይ፣ እንጨት ሲጢጥ አለ፤
በአሥራ አራተኛው ገመዱ እጇ ላይ ዘለለ፤
በአሥራ ዘጠነኛው ልጅቷን ከመሬት ነቀለ፤
በሃያኛው ምላሱ ነሐሱን ነካ፤
ርግቡ ተበተነ፤ ወንዝ ማዶ ያለ ዶሮ ሁሉ አስካካ።

ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ። ነገር ሁሉ የራሱ ምት አለው፤
ቁጣም ልመናም የማይለውጠው።
ዥዋዥዌ ላይ ሕፃን ቢቀመጥበት፣
ቄሱም ቢቀመጡበት፣
ያው ነው የምልልሱ ሰዓት።
እኔስ በባልዲ ውሃ ስሸከም ስንቴ ጫማዬ ርሷል፤
እርምጃዬ ከውሃው ምት ሲገጥም ባልዲው ይዘላል፤
አንድ ስንዝር ባሳጥር ይረጋል።
በጊዜዋ የተሰጠች ጥቂት ሳትባክን ትጠራቀማለች፤
ያለ ጊዜው የመጣ ብዙ ግን ራሱን ይበላል።

በዚህች ጥበብ ስኩራራ ሦስት ዓመት ሞላኝ።
ከዚያ ማማው ተሰነጠቀ።

ከሴገድ ኢንጂነር ኢልዲኮ መጣች፤
የክብሪት ቀፎ የሚያክል ሣጥን ግድግዳው ላይ ለጠፈች፤
«ማማውም ይወዛወዛል» አለች።
ሳቅን። ድንጋይ?
አንድ ብርጭቆ ውሃ ከላይኛው መስኮት አኖረች፤
«ደውዪ» ብላ ቦርባላን አዘዘች።
ውሃው ቀለበት ሠራ፤ ቀለበቱ ጠርዝ ነካ፤ ፈሰሰ።
የሁላችንም ሳቅ ፈረሰ።
«የሁለቱ ምት ተቀራርቧል። ልጅቷ ደወሉን እንደምትስብ
ደወሉም ማማውን በየምላሹ፣ በልኩ፣ ይስባል።
ክፋት የለበትም። ማንንም አልጠላም።
ጊዜውን እየጠበቀ ነው የሚያፈርሰው።»

ከቀንበሩ በላይ ብረት ጫኑ፤ ደወሉ አዘገመ፤
ስንጥቁም በኖራ ታከመ።
በመከር ሰሞን ቦርባላ፣ አሁን ትከሻዬ ላይ የደረሰች፣
በድሮው ቁጥር ሳበች።
ምንም። ደግማ ሳበች።
ገመዱ እጇ ላይ ዛለ፤ ፊቷ ቀላ።
ስንት ዓመት ያስቀመጥኋትን ቃል አወጣሁ፦
«ሲመለስ ጠብቂው፣ ቦርባላ።»

«ዝም በል፣ አጎት ቬንደል» አለች፤ «እየቆጠርሁ ነው።»