ሳይሆን አይቀርም

በጥር ወር ኦውሉ ላይ፣ በዘጠኝ ሰዓት ቀኑ ይጨልማል፤
ከመስኮቱ ማዶ አውቶቡስ በረዶ ውስጥ እየዳኸ ያልፋል።
ማርዩካ ሂየታላ ጓንቷን ማሞቂያው ላይ አስጥታ፣
አሮጌ ኮድ ታነባለች፣ አንድ መስመር ላይ ተገትታ።

እዚያ መንታ መንገድ አለ፦ ፓኬቱ ደህና ከመጣ
ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ካልሆነ በጎን በኩል ነው የሚወጣ።
መንታው ላይ አንድ ቃል ቆሟል፣ ቱሬ ከዓመታት በፊት የተከለው፤
"ቀጥታው ሳይሆን አይቀርም" ሲል ኮምፓይለሩን ሹክ ያለው።

ሳይሆን አይቀርም!
አይምል፣ አይገዘት፤
አንድ እግሩ ከውስጥ፣ አንድ እግሩ ከደጅ የቆመበት።

"ክታብ ነው" አለ አርቶ፣ ድዱን እያሳየ ሲስቅ፣
"ማሽን አንገት ላይ አስረን፣ ፍጥነት የምንጠብቅ።"
ማርዩካ ለማንም አልፈረደች፤ ቃሉን ነቀለች፣ መልሳ ተከለች፤
በድሮው ናሙና ሁለት መቶ ጊዜ አስሮጣ ለካች።

ልዩነት የለም። ቢኖርም፣ ከማራገቢያው ትንፋሽ አይለይም፤
ሺህ ጊዜ ለተመላለሰ እግር፣ ምልክት መትከል አይረባም።
ፕሮሰሰሩ የራሱ ትዝታ አለው፤ ትናንት የታጠፈበትን ያውቃል፤
ሳይጠየቅ ገምቶ ይሮጣል፣ ሲሳሳት የሠራውን ይጥላል፣
ከመንታው ራስ፣ ባዶ እጁን፣
እንደገና ይጀምራል።

ግን ቆይ። በሌላ ፋይል ውስጥ ያው ቃል ሌላ ሥራ ሠራ፤
ግምት አላቃናም፣ ዕቃ አዛወረ እንጂ ከስፍራ ስፍራ።
የስሕተቱን ጓዝ፣ ያን ሁሉ ሎግ፣ ያን ሁሉ ማስጠንቀቂያ፣
ተሸክሞ ጓሮ አኖረው፤ ሰፋ የቤቱ መተላለፊያ።
ሁለት ከመቶ ተረፈ። ጭብጨባ አያስነሣም፣
ሌሊቱን ሙሉ ለሚሮጥ ግን፣ ሁለት ከመቶ አይናቅም።

"እስቲ የዚህን ሳምንት ትራፊክ" አለች፣ ልትሄድ ካፖርቷን ደርባ፤
ቁጭ አለች መልሳ።
ከአሥሩ ስድስቱ ፓኬት በጎኑ በር ነው የሚገባ።
ኔትወርኩ ተቀይሯል፤ ቃሉ ግን እዚያው ነው፣ እዚያው መንታ ላይ፣
ብዙውን መንገደኛ ወደ ጓሮ እየላከ፣ ወደ ሩቁ ጎዳና ላይ።
አሁን ልዩነት አለ። ሦስት ከመቶ ገደማ፤
ወደ ኋላ።

ቱሬን ጠራችው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ፤
ቁጥሩን አየ፤ አልተከራከረም፣ አልተቆጣ።
"ያኔ እውነት ነበር" አለ።
እሷም ቃሉን ሰርዛ፣ በማስታወሻው ቦታ ይህንኑ ጻፈች፦
ያኔ እውነት ነበር።
ሌላ አልጨመረች።

ማታ ቱሬ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ወንዙ ዳር ካለው መንታ ደረሰ፤
ሐሳቡ ሌላ ጋ ነበር፤ እግሩ ብቻውን ወደ ግራ ገሠገሠ።
አርባ እርምጃ ያህል ሄዶ፣ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ሲፈልግ፣
ቤቱን በመከር እንደሸጡት ትዝ አለው፤ ቆመ፣ መብራቱ ጥግ።
የማያውቃቸው ሰዎች መስኮት ላይ፣
የማያውቀው መጋረጃ።

ዞረ።
በረዶው ላይ አርባ ዱካ ሲሄድ፣ አርባ ዱካ ሲመለስ ይታያል፤
ከመንታው ራስ፣ ባዶ እጁን፣
በቀኝ በኩል ይጀምራል።