ውሉ

በግንቦት ባሕር ዳር፣ በዚህ ሁሉ ሙቀት፣
ሹራብ ትሠራለች ይሉኛል በምፀት።
ይበሉ።
ፋንታሁን ባጃጁን አቀዝቅዞ ሲያልፍ፣
አንገቱን አውጥቶ እኔን ሊለክፍ፦
«እትዬ፣ በረዶው መች ነው የሚገባ?»
«እጅጌው ሲያልቅ ነዋ! ሂድ፣ ሰው አስገባ።»

ከወደቡ አጥር ሥር፣ ጥላው ሲያዘነብል፣
ነጠላዬን አጥፌ ድንጋይ ላይ ቁጭ ስል፣
ጣናም በዳር በዳር፣ ማንም ሳያዝዘው፣
እንቦጭ ይጠልፋል፣ ማንም የማይገዛው።

ቅርጫቴን ብትከፍቱት ሁሉም ወረፋ ነው፤
ጀማሪው እኔ ነኝ፣ ጨራሹ ግን ማነው?
አንድ ግራ ካልሲ ቀኙን የሚጠብቅ፣
አንድ የአንገት ልብስ ቢጎትቱት የማያልቅ፣
ለዘርፌ ልጅ ብዬ የጀመርሁት ቆብ አለ፤
ልጁ ትምህርት ገባ፣ ጥርሱን ነቀለ፣
ቆቡ ግን እስካሁን የአራስ ልክ ሆኖ ቀረ።
(ይቅርታ፣ ዘርፌ። ክሩ ነው ያጠረ።)

ቢጫው ግን ቀጠሮ አለው።
ትርንጎ፣ የእህቴ ልጅ፣ ደባርቅ ተመድባ
ኬሚስትሪ ታስተምራለች፣ በጭጋግ ተከባ።
«እዚህ ጠመኔው ራሱ ይበርዳል እጅ ላይ»
ብላኝ በስልክ ስትስቅ ከዚያ ብርዳም ሰማይ፣
ገበያ ወርጄ ቢጫ ክር አነሣሁ፣
ልክ እንደ ስሟ ቢጫ። ቆቡንም ረሳሁ።

ትናንት ደረቱን አጋምሼ ጉልበቴ ላይ ብዘረጋው፣
አርባ ረድፍ ቁልቁል አንድ ዓይን ወድቋል፤ ማን ነካው?
ማንም። እኔው ነኝ።
ያን ዕለት መብራት ጠፍቶ በሻማ ስሠራ፣
ከትንኝ ስሟገት፣ ከድመቷ ጋራ።

እኔ ደግሞ ስሕተት አላልፍም፤ ሥራዬ ነበር፤
ሃያ ሰባት ዓመት ከፋብሪካው መብራት ሥር፣
ጨርቁ በፊቴ ሲፈስ እንደ ክረምት ጎርፍ፣
በቀይ ጠመኔ ነው የሰው እንከን ስጽፍ።
ክብ አደርግበታለሁ። ክቡ ደሞዝ ይቆርጣል።
ማን እንደሠራው ጥቅሉ ላይ ቁጥሩ ይወጣል።
አርባ ሦስት ቁጥር ሙጬ ነበር። አንድ ቀን መጣ፤
«ክሩ ነው የሳሳው፣ እኔ አይደለሁም» አለ። ቁጣ
አልነበረውም።
እኔም ጠመኔዬን አላጠፋሁም።

ዛሬ ሙጬ እዚሁ፣ ከእኔ አራት ድንጋይ ራቅ ብሎ፣
የቆሮሶ መረብ ይጠግናል፣ እግሩ ጣት ላይ ጠቅልሎ።
ሰላምታ አለን። ከዚያ ያለፈ ወሬ የለንም።

መርፌውን ነቅዬ ልተረትር ስነሣ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳይደነግጥ ዓሣ፦
«አርባው ረድፍ ምን አጠፋ? ልቀቂያት ያቺን አንዷን፣
እስክትወርድ ትውረድ፤ ከዚያ በመንጠቆ መንገዷን
ደረጃ በደረጃ ታወጫታለሽ።»
መንጠቆ የለኝም አልሁ። ከኮፍያው ሥር አወጣ፤
የዓሣ መንጠቆ ነው፣ ሹሉን በሞረድ ያጣ።

አርባ ደረጃ ነው። ቆጠርሁ። እንደ ውኃ ከጕድጓድ
ቀዳኋት፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አንድ በአንድ፣ በአንድ።
አንዴ ብቻ ሸሸች፣ ሠላሳ አንደኛው ላይ።
የዘጌ ጀልባ ገባ፣ ሰው ወረደ፣ ሻላው በረረ፤
እሷ አፋፍ ስትደርስ ጥላዬ ማዶ ተሻገረ።

«የቱ ጋ ነበር?» አለ፣ ሹራቡን ወደ ብርሃን አቅንቶ።
አላገኘውም። ዓይኑ ነው፣ በውኃ ነጸብራቅ ተጎድቶ።
እኔ ግን አያታለሁ፤ ከልብ ዝቅ ብላ፣
ከጎረቤቶቿ ይልቅ ትንሽ ላላ።
እጄ ኪሴ ገባ፣ በልማድ፣ ጠመኔ ፍለጋ፤
ጡረታ ወጥቼ እንኳ ጣቴ አልዘነጋ።

«ሙጬ» አልሁ። «የዚያን ጊዜው ክር…»
«እ?»
«ሳስቶ ነበር። ያኔም አውቅ ነበር።»

ቋጠሮውን በጥርሱ ጠበቅ አደረገ፤
መረቡን ከእግሩ ጣት ፈታ፤ ውሉን ፈለገ፤
አገኘው መሰለኝ።
«እጅጌዎቹ ይቀራሉ» አለ።