ቁጭ ያላለው ቫልቭ

ባሕሩ ሸሽቶ ሄዷል፤ ጭቃ ላይ ጋደም ብላለች ጀልባዋ፣
«እልኸኛዋ» ነው ስሟ፤ ዛሬ ግን ተይዟል ምላስዋ።
ስድስት ሰዓት አለን፣ ውሃው እስኪመለስ፣
ቴስታታው ተፈትቶ፣ ታይቶ፣ እስኪፈወስ።

ቺሎኤ ደሴት ላይ ዝናብ አይጠየቅም፣
መጣ ወይ ሄደ ወይ ብሎ ሰው አይጨነቅም።
ሸራ ወጥረን ገባን፤ እኔ ፋኖስ ይዤ፣
ጣቴን እየነፋሁ፣ በብርድ ደንዝዤ፤
አጎቴ ኦሮሲምቦ ዳዶውን በተራ
ከዳር ወደ መሃል ይፈታል፤ አይናገርም ሲሠራ።

ሬሚሂዮ፣ ባለ ጀልባው፣ ቦት ጫማው በጭቃ ተውጦ፣
ሲጋራው በዝናብ ርሶ፣ ፊቱ እንደ ሎሚ ተመጦ፦
«ጩኸት ነበረው» አለ፣ «ቀጭ ቀጭ የሚል ቀኑን ሙሉ፣
ዓሣው ሰምቶ ይሸሻል እያሉ ሲስቁብኝ ሁሉ፣
ከተማ ያለ አንድ ልጅ አጠበቀልኝና
ዝም አለ፤ ደስ አለኝ። ሦስት ወር በጤና።
ትናንት ሌሊት ግን፣ ከሞገድ መካከል፣
ትንፋሽ አጠረው ሞተሩ፤ ሳል ብቻ፣ ደረቅ ሳል።»

ቴስታታው ተነሣ።
አጎቴ ሞላውን ጨቁኖ የጭስ ማውጫውን ቫልቭ አወጣ፣
ወደ ፋኖሱ አስጠጋው፦
ከንፈሩ ተበልቷል፣ አይጥ እንደቀመሰችው ቂጣ።

«አየሽ ኔልዳ» አለኝ፣
«የቫልቭ ውሎው እሳት፣ እሳት ነው አዳሩ፤
የሚበርደው አንዴ ነው፣ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ፣ ሲገጥም ከዳሩ።
ጥቅሻ ለምታህል ጊዜ ቁጭ ይላል፣
ሙቀቱን ለብረቱ ያካፍላል፣
ከዚያ ተነሥ ይባላል።
ክፍተት ከነፈግሽው፣ ዘንጉ ሲግል ይረዝማል፤
ቁጭ ሳይል፣ እንደ ተንጠለጠለ፣ ነበልባል ጎኑን ሲልሰው ይውላል።
አይጮህም ደግሞ። ዝም።
የሚንቀጫቀጨውን አትፍሪ፤ እሱ ገና ይናገራል፣
ዝም ያለው ነው የሚቃጠል፤ ሰው ግን ‹ዳነ› ይለዋል።»

ከወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አዲስ ቫልቭ አውጥቶ ሰጠኝ።
ስሜሪልዮ ቀባሁት፤ ዱላውን በሁለት መዳፌ መሃል
ወዲህ ወዲያ፣ ሽርር፣ ሽርር፣
አነሣ፣ አዞር፣ እመልስ፣
መቀመጫው ግራጫ ቀለበት እስኪያስር።

እናቴን አሰብኳት።
ቁጭ ስትል አይቻት አላውቅም፤ እራቷን እንኳ ቆማ ነበር የምትበላ፣
ማለዳ ዛጎል ለቀማ፣ ከሰዓት ድንች፣ ማታ ሱፍ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ።
«ወርቅ ሴት ናት» ይሉ ነበር፣ «ኮሽታ የማይሰማባት፤
በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ ሲመርቋት።
ዝንቡስ አልገባም።
በአርባ ሦስት ዓመቷ፣ ማድቤቱ በር ላይ፣ ቆማ፣

አጎቴ ወንድሟ ነው። ስለ እሷ አንድ ቃል አላለም።
ቴስታታው ሲመለስ ስፔሶሩን አቀበለኝ፣
ቀጭኗን ቅጠል፣ ቁጥሯ በአውራ ጣት ብዛት የተፋቀውን።
«ቀዝቃዛ እያለ ነው የሚለካ» አለኝ፤
«ሲግል ሁሉም ይዋሻል።»
ብሎኑን በካቻቢቴ ይዤ ዳዶውን አጠበቅሁ፤
ቅጠሏን ሳብኳት፤ መጣች፣ ግን ቅር እያላት፣
«ቆይ እንጂ» እያለ እንግዳውን እንደሚለቅ እጅ።

ውሃው መጣ፣ ጭቃውን በጣቱ እየዳሰሰ፤
«እልኸኛዋ» ጎኗን አቃናች።
ሞተሩ ተነሣ፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ለስላሳ፣ እኩል።
«ይሄው!» አለ ሬሚሂዮ፣ «እንደገና ይለፈልፋል!»
«ይለፍልፍ» አለ አጎቴ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።
ግማሹን በገንዘብ ከፈለ፣ ግማሹን በጆንያ ድንች፤
ድንቹ እርጥብ ነበር፤ ተከራከርን።

ከዚያ አንድ የዓሣ ሳጥን ገልብጬ፣
ስንት መፍቻ ሳይወለወል፣ ስንት ጨርቅ ሳይታጠብ፣
ቁጭ አልኩ።
አጎቴ አየኝ።
ፋኖሱን ከእጄ ወስዶ፣ መፍቻዎቹን ራሱ ይለቅም ጀመር።