ማክሰኞ ፈረቃ የለኝም

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ አጠብሁ፣
ስሙን የማላውቀው ሰው ደሙን አወቅሁ።
አፉላ፣ ሆስፒታል፣ ከምድር በታች ቤት፣
ሥራዬ አንድ ነበር፦ ምልክት ማጥፋት።
ነጭ ሆኖ ሲወጣ፣ ሲታጠፍ በአራት፣
ማንም ያልታመመ፣ ማንም ያልሞተበት
ይመስላል። ደመወዜ ለዚያ ነው።

ማክሰኞ ማታ ግን ፈረቃ የለኝም።
በሰፈሩ ማትናስ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከጠረጴዛ ቴኒሱ ጎን፣
አምስት ኮምፒውተር አለ፤ አንዱ አይሠራም።
የምታስተምረን ሺራት ናት፣ የባዩሽ የልጅ ልጅ፣
ውትድርና ጨርሳ ገና ሦስት ወሯ።
«ኮድ ማለት» አለችን፣ «ለጊዜው ሥዕል ነው፤
ሒሳቡን ተዉትና ክብ ሥሩልኝ እስቲ።»

ጻፍሁ፦ ክብ። ቅንፍ ከፈትሁ። ጠየቀኝ፦
ስንት ወደ ታች ልውረድ፣ ስንት ልሂድ ወደ ቀኝ?
ዜሮው ያለው ከላይ ነው፣ ከግራው ጥግ፤
ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ነጥቡ ይወርዳል።
አልገረመኝም። ወደዚህ አገር መምጣትን
«መውጣት» ነው የሚሉት፤
እኔም ስወጣ፣ ስወጣ፣
ምድር ቤት ደረስሁ።

ቅንፉን ሳልዘጋው ቀይ ጽሑፍ መጣብኝ፤
እንደ አለቃዬ ነው፣ እንደ ሰርጌይ፦
አይሳደብም፤ ግን አያሳልፍም።
ዘጋሁት። ብቅ አለ። ክብ፣ ሰማያዊ፣
የሳሙናው ጀሪካን ክዳን የሚያህል።

ቀጥሎ ማንቀሳቀስ ነው። በየቅጽበቱ አንድ መጨመር።
«ያለፈው እንዳይታይ ግን» አለች ሺራት፣
«ዳራውን መልሰን ነጭ እንቀባለን፣
በሰከንድ ስልሳ ጊዜ።»
ስልሳ ጊዜ!
ልጄ፣ እኔ በቀን አንዴ ስሠራው ወገቤ ተቆረጠ።

ያቺን መሥመር ረሳኋት። ረሳሁ ልበል እንጂ።
ክቡ ሄደ፤ የሄደበትም ቀረ፣
ሌሊት ቀንድ አውጣ እንዳለፈበት ደረጃ።
«ደጊቱ፣ ዳራው አልታደሰም፤ አንድ መሥመር ጎድሎሻል።»
«ተይው» አልኋት።

አንድ ጊዜ፣ ከሕፃናት ክፍል፣
በትራስ ልብስ ላይ ዓሣ መጣ፣
በእስክሪብቶ የተሣለ፣ ዓይኑ ከአፉ የገዘፈ።
መጀመሪያ በቀዝቃዛ፣ ኋላ በፈላ ውኃ፣
በሦስተኛው በኬሚካል።
ለቀቀ።
ሰርጌይ «ጎበዝ» አለኝ።
የልጁን ወሬ ማንንም አልጠየቅሁም።

የእንቁላል ቅርጽ ለሆዱ። ሦስት ማዕዘን ለጅራቱ።
ዓይኑን ሁለቴ ቀየርሁት፣ ይበልጥ እስኪገዝፍ።
ለቀቅሁት። ዋኘ፣
ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዓሣ በዓሣ ላይ፣
ነጩ ሁሉ ተሸፍኖ ሰማያዊ እስኪሆን።
ሺራት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤
ምንም አላለች።

ሦስት ሰዓት ላይ ዘበኛው ቁልፉን አንቃጨለ።
ማሽኑ ጠየቀኝ፦ ይቀመጥ? በምን ስም?
የልጁን ስም አላውቅም።
በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ ጻፍሁ፦
አልለቀቀም።