የኋላ በር

ዱሉት ከተማችን ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት፣
ከታች የተኛው ሐይቅ፣ «ባሕር ነው» እያልን የምንምልለት።
እዚህ ነው ሃያ ዓመት በመኪናችን ጣሪያ
ብስክሌት ስሰቅል የኖርኩት፣ ያለ መሰላል፣ ያለ መደገፊያ።
ዘንድሮ፣ በግንቦት፣ ግራ ትከሻዬ
«በቃኝ» ብሎ አረፈው፤ አልበጀም ልመናዬ።
የሚስቴ ብስክሌት፣ ቀይዋ፣ ከእጄ ተንሸራታ
የጎን መስተዋቱን ይዛው ወረደች በአንድ አፍታ።
ሶልቬይ አልተቆጣች። ስብርባሪውን ጠርጋ፣
«ከኋላ የሚታሰር እንግዛ» አለችኝ፣ «ነገ ሲነጋ።»

ነጋ። ሻጩ ዌንደል ነው፤ ጢሙን የሰንሰለት ቅባት የነካው፣
መልስ ከመስጠቱ በፊት ጥያቄህን የሚያላምጥ ሰው።
«የመጎተቻው ቀዳዳ ስንት ኢንች ነው?» ቢለኝ፣
«አውራ ጣቴ በደንብ ይገባል» ብለው በሳቅ ፈነዳብኝ።
ወጥቶ፣ እርጥብ ጠጠር ላይ ተንበርክኮ ለካ፤
ሁለት ኢንች ኖሯል፣ ጠርዙን ዝገት በልቶት ለካ!

አንዱ መስቀያ ነው፣ ሁለት ክንዱን የዘረጋ፣
ብስክሌት እንደ ካፖርት የሚንጠለጠልበት፤ ቀላል ነው በዋጋ።
የሶልቬይ ግን አግዳሚ ብረት የላትም ከመሐሏ፤
በምኗ ትንጠልጠል? ከኔው ጋር ስትላተም መላጡ ነው አካሏ።
ሌላው ጠፍጣፋ ነው፣ ጎማ የሚያስቀምጥ፣
የፊቱን ጎማ ጨብጦ የሚይዝ፣ ቀለም የማይልጥ።
ክብደቱ ግን ጉድ ነው፤ ሲያነሳው ዌንደል «እህህ» አለ፤
ትከሻዬ ሰምቶ ከሸሚዜ ሥር ተጠቀለለ።

«ማጥበቂያውን ብሎን» አለ ዌንደል፣ «እንዳትረሱ አደራ።
አንድ ደንበኛዬ በሐይቁ ዳር ሲነዳ፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራራ፣
የገዛ ብስክሌቱ፣ ማንም ሳይነዳው፣
በቀኝ በኩል መጥቶ ሲቀድመው አየው።»

ሳቅን። ካርዴን አወጣሁ። ጠፍጣፋው ይሁን አልኩ።
ሶልቬይ ግን
«ኦቶስ?» አለች።

ኦቶ ውሻችን ነው። ዐሥራ አራት ዓመቱ።
የመኪናው ኋላ፣ ከወንበሩ ጀርባ፣ እዚያ ነው ቤቱ፤
ዳሌው ስለታመመ በጎን በር ዘሎ መውጣት አይሆንለት፤
ይህ ብረት ከታሰረ የኋላው በር ተዘጋ ማለት።
ይህን እኔ አላሰብኩም።
ኢንች ቆጥሬአለሁ፣ ኪሎ ቆጥሬአለሁ፣ ዶላር ቆጥሬአለሁ።

ዌንደል ጢሙን አሸት አድርጎ፣ «የሚሰግድ አለ» አለን፤
«ይቺን በእግርህ ስትረግጣት፣ ከነብስክሌቱ ዝቅ ይልልህና በሩ ይከፈታል።
ሁለት መቶ ዶላር ይጨምራል።»

የእንስሳት ሐኪሟ በመጋቢት ያለችን ትዝ አለኝ፦
«አንድ በጋ። ከታደለ፣ ሁለት።»
ሁለት መቶን ለአንድ አካፈልኩ፤
ሁለት መቶን ለሁለት አካፈልኩ።
አፌን ልናገር ከፈትኩት፣ ሶልቬይ አየችኝ፣ ዘጋሁት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከጥዱ መግቢያ፣ መኪናውን አቁመን፣
መርገጫዋን ጫን ባደርጋት፣ ሁለት ብስክሌት ተሸክሞ ሰገደልን።
በሩ ተከፈተ። ኦቶ እንደ ሹም ቀስ ብሎ ወረደ፣
አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ተራመደ፤
አዲሱን ብረት ዞሮ ዞሮ አሸተተውና
እግሩን አንሥቶ መረቀው፣ ሙቅ ነው ምርቃቱ ገና።

«ሁለት መቶ ዶላሬ!» አልኩ። ሶልቬይ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።
ብስክሌቶቹን ማን ይፍታቸው? እኔ አልፈታሁም፣ እሷም አልፈታች።
እንደታሰሩ ዋሉ፣ ጎማቸው አሸዋ ሳይነካ፤
እኛ ከኦቶ ኋላ፣ በኦቶ እርምጃ ልክ፣
ወደ ሐይቁ ወረድን።