ውረድ

ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ፣
ከወንዙ ድልድይ ሥር እስከ ጡብ ፋብሪካ፤
ቀና ብዬ ሳላይ ሰው እለያለሁ፣
ሳንቲሙን ሲሰጠኝ፣ መዳፌን ሲነካ።

የእነሱ ይታወቃል፤ ሸካራ ነው፣ ትኩስ፣
በጥፍሩ ዙሪያ ቀይ ትቢያ የሚለብስ፣
እሑድ ለቅዳሴ ታጥቦ የማይለቅ።
ቤድፎርድ ያኔ ትንሽ፣ ሁሉም የሚተዋወቅ፣
ከመሸ በጎዳናው ድመት የማይታይባት፣
ድንች ቀቅላ የምትበላ፣ ጨው እንኳ የሚከብዳት።

ጦርነቱ ባበቃ በስድስተኛው ዓመት
መጡ፣ ሻንጣቸው በሲባጎ የታሰረ፤
ቆርቆሮው ሠፈር ነው ያሳደሯቸው ሌት፣
የአገራቸው ምርኮኛ ታጉሮበት በነበረ።
"ጣልያኖች!" አልን እኛ፣ "ትናንት የወጉን!"
(የእኔም ታላቅ ወንድም ቶብሩክ ነው የቀረው።)
ለንደኖች ፈርሶባቸው "ጡብ! ጡብ!" እያሉን
ምድጃው ውስጥ ገብቶ እሳቱን የሚደፍረው
ከእኛ ልጅ ጠፋ።

ኅዳር ነው፣ ዝናብ ነው። ዶናቶ ተሳፈረ፣
ከፀጉሩ እስከ ጫማው እንደ ሸክላ ቀልቶ።
ነጭ ካፖርት የለበሰች "ኧረ!" አለች፤ ወንበር ተቀየረ፤
ሰው ሁሉ እኔን አየኝ፣ አንገቱን አውጥቶ።
"ውረድ" አልኩት።
ደወሉን ሁለቴ ሳብኩት።
አወረድኩት ልበል፣ ወይስ አዋረድኩት?
ከ"ወ" እስከ "ዋ" አንዲት እግር ናት፤
እሱ ሰባት ማይል በጭቃ ሄደባት።

ሲወርድ ኮፍያውን አንሥቶ፣ ከቋንቋችን
የሚያውቃትን አንዲት ቃል ሰጠኝ፦
"አመሰግናለሁ።"

ከዚያ ምን ልበላችሁ? ማንም አልጠየቀኝ።
ከድንቻችን መደብ ጎን ቲማቲም ቀላ፤
ዶሪን፣ ነፍሷን ይማር፣ ከአሱንታ ተምራ
በነጭ ሽንኩርት ጠበሰችው፤ ቤቱ ሸተተኝ፣
ወር ሙሉ አኮረፍኩ፤
ሳህኑን ግን ጠርጌ።
ፋብሪካው የጣለውን የተሰነጠቀ ጡብ
እየለቀሙ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤
ግድግዳው እስከ ዛሬ ትንሽ ያዘነብላል።
ጉርሜጅ ከፑንጃብ መጣ፣ ጥምጥሙ እንደ ሎሚ፤
የሌሊት ፈረቃውን ከእነዶናቶ ወረሰ፣
ምድጃ አፍ ላይ የተማረው ጣልያንኛ
ከእንግሊዝኛው ይሻል ነበር።
ኤግበርታ ከሴንት ኪትስ፣ በብስክሌት፣ በረዶ ሲጥል፣
ልጄን ያዋለደች እሷ ናት። "ግፊ!" ስትል
ድምጿ እስከ ባቡር ጣቢያው ይሰማል፤
ዶሪን ከሐኪሙ ይልቅ እሷን ፈራች፣
ልጃችንንም በስሟ ጠራች።
እኔ? ስሙ ከበደኝ አልኩ። ዛሬ በከተማው
ስድስት ኤግበርታ አውቃለሁ፣ አራቱ ቀያይ ፀጉር።

ዶናቶ ሲቀበር ከኋላ ቆሜ ነበር።

አሁን ጭስ ማውጫዎቹ ፈርሰዋል፤
ሸክላው የተቆፈረበት ሐይቅ ሆኗል፣ ዳክዬ ይዋኝበታል።
ትናንት ከመደቤ ስመለስ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቴ፣
ምርኩዝ በአንድ እጅ፣ ቲማቲም በሌላው፣ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቴ፣
አውቶቡሱ ቆመ።
ሹፌሯን በቅንድቧ ለየኋት፤
ስሟን ደረቷ ላይ ሳነብ የእሱ ነው የአያት ስሟ።
ጭቃዬን አየች። አንድ ነገር ተጫነች፤
ያ ሁሉ ብረት እየተነፈሰ
እንደ ግመል ተንበረከከልኝ፣ እስከ ጫማዬ ዝቅ አለ።

ልነግራት ነበር። ከኋላዬ ሰልፍ አለ።
ኮፍያዬን አነሣሁ፣ የአያቷን ቃል መለስኩ።
"ብረቱን ይያዙ፣ አባባ" አለችኝ፣
"ልንሄድ ነው።"